ከጎመን በሽታ ስለ ተገኘው ሙጫ፥ ስለ ጥቅሙና ስለ ጥንቃቄው

በቤታችን የተበላሸ ነገር ባየን ጊዜ፥ የተበላሸበትን ምክንያት ሳንመረምር መጣል ልማዳችን ነው። ነገር ግን ሌላው የናቀውን በማስተዋል የመረመረ ሰው ብዙ ጊዜ ታላቅ ጥቅም አግኝቶበታል። ለዚህም ምስክር የሚሆነን፥ ዛሬ በጥርስ ሳሙና፥ በፊት ቅባትና በልዩ ልዩ መብል ውስጥ የሚገባው «ዛንታን» የተባለው ሙጫ ነው።

ጎመንን የሚያጠፋ አንድ በሽታ አለ፤ የያዘው እንደ ሆነ የቅጠሉ ጠርዝ ቢጫ ይሆናል፥ ጅማቱም ይጠቍራል። በሽታውን የሚያመጣው «ዛንቶሞናስ» የሚባል በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ይህም ባክቴሪያ ስኳር እየተመገበ የሚያዝለገልግ ልባስ ለራሱ ያበጃል። ልባሱ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የተሠራ ስለ ሆነ፥ ተልባ በውሃ ሲዘፈዘፍ እንደምናየው ውሃውን ይዞ ያወፍረዋል።

ይህን ሙጫ በ1950ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) አሊን ጂንስ የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ በፔዮሪያ ከተማ በመንግሥት የእርሻ ምርምር ቤት መረመሩት። እኒህ ሊቅ አስቀድሞ ከሌላ ባክቴሪያ የሚገኘውን «ዴክስትራን» መርምረው፥ ደማቸው ለፈሰሰ ቍስለኞች መርጃ እንዲሆን ስለ ደከሙ፥ በ1953 ዓ.ም. ከአገራቸው የእርሻ ሚኒስቴር ከፍ ያለ የአገልግሎት ሽልማት ተቀብለዋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ባክቴሪያውን በታላላቅ የብረት ጋን ውስጥ ስኳር እየመገቡ ያራቡታል፤ ኋላም በሙቀት ይገድሉታል፤ ሙጫውን በአልኮል ለይተው ካደረቁት በኋላ ይፈጩታል።

የዚህ ሙጫ ጠባይ፥ ሲጫኑት መቅጠን ሲተዉት መወፈር ነው። ስለዚህ የጥርስ ሳሙና ሲጨምቁት በቀላሉ ይወጣል፥ በቡሩሹ ላይ ግን አይፈስም። በፊት ቅባትም ዘይቱና ውሃው እንዳይለያዩ ይረዳል። ነዳጅ ለማውጣት ምድር የሚቈፍሩ ሰዎችም፥ የተሰበረውን ድንጋይ ወደ ላይ ተሸክሞ እንዲያወጣላቸው ከመቈፈሪያው ጭቃ ጋራ ይቀላቅሉታል። በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ በመብል ውስጥ እንዲገባ ተፈቀደ።

ነገር ግን ለአዋቂ የተስማማ ሁሉ ለጨቅላ ይስማማል ማለት አይደለም። በዚህ ሙጫ የተሠራ ማወፈሪያ፥ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ሕፃናት ከወተት ጋራ ይሰጥ ነበር። ከወሰዱትም መካከል አንዳንድ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በከባድ የአንጀት በሽታ ታመሙ፥ የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ ማወፈሪያው ለመሆኑ ቍርጥ ማስረጃ ባይገኝም፥ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. ከ37 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ሕፃናት እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ።

ስለዚህ የቤት እመቤትም ሆነች አባወራው፥ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይገባቸዋል፤ ይህ ሙጫ ባለበት መብል ላይ በብዙ አገር «ኢ 415» ተብሎ ይጻፋል። አዋቂ ቢበላው የሚያስፈራ አይደለም። በሕፃን ወተት ውስጥ ግን፥ ሐኪም ሳይጠየቅ ምንም ዓይነት ማወፈሪያ አይጨመር።