የአሥር ብሯ ትኬት ስንት ታስከፍላለች?



ጦር ኃይሎች፣ የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ አጠገብ አንድ የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። ፊቱ ከፍቶት ነበርና ምን እንደገጠመው ጠየቅኩት። «ቲቸር፣ ስምንት ጨዋታ ይዤ በአንዷ ተበላሁ» አለኝ። በአሥር ብር ከሺህ ብር በላይ ሊወስድ «ትንሽ ቀርቶት» ነበር። የከፈላትን አሥር ብር ከቁም ነገር አልቆጠራትም፤ ልቡ የቀረው ባመለጠው ሺህ ብር ላይ ነው።

የቁማር ወጥመድ ይህ ነው፤ ክፍያው ትንሽ፣ ተስፋው ትልቅ። እስቲ አብረን እናስላ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ልክ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነው እንበል። ስምንቱም የሚሳኩት በአማካይ ከ256 ትኬት በአንዱ ብቻ ነው። አወራራጁ ቤት ለእያንዳንዱ ጨዋታ 1.8 እጥፍ ቢከፍል፣ የምታሸንፈዋ ትኬት 1,102 ብር ታመጣለች። የ256ቱ ትኬት ዋጋ ግን 2,560 ብር ነው። 1,458 ብሩ የቤቱ ነው! ጨዋታ በተጨመረ ቁጥር ሽልማቱ ያጓጓል፤ የቤቱም ድርሻ ያድጋል።

ታዲያ ሰው ለምን ይመለሳል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስኪነር በእንስሳት ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ልማድ ለመተው እጅግ እንደሚያስቸግር አሳይቷል። ካህነማንና ትቨርስኪም በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ሰው ጠባብ ዕድልን አግዝፎ እንደሚመዝን ገልጸዋል። «በአንዷ ተበላሁ» ማለትም ኪሳራን የድል ጎረቤት ያስመስለዋል።

ቁርኣን ይህን ሚዛን ቀድሞ አስቀምጦልናል። ሱረቱል በቀራህ በ219ኛው አንቀጽ ቁማር ጥቅም እንዳለው ሳይክድ፣ ኃጢአቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ያስተምራል። የጃሂሊያ ዐረቦች በቀስት ዕጣ በግመል ሥጋ ሲቆማመሩ፣ አሸናፊው ሥጋውን ለድሆች ይሰጥ እንደነበር የተፍሲር ሊቃውንት ያወሳሉ። ያ ምጽዋት እንኳ ቁማሩን ሐላል አላደረገውም። በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛና 91ኛ አንቀጾች ጠላትነትን የሚዘራ፣ ከዚክርና ከሶላት የሚያዘናጋ መሆኑ ተነግሮ ተከለከለ።

ወጣቱን «ያገኘኸውን ታስታውሳለህ፤ የከፈልከውንስ?» አልኩት። በስልኩ ላይ ከረመዳን ወዲህ ያለውን ደመርን። ያስያዘው ከሦስት ሺህ ብር በላይ፣ የተቀበለው ሰባት መቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «እናቴ እንጀራ እየሸጠች ነው የሰጠችኝ» አለ። ይህ ዋጋ ትኬቱ ላይ አልተጻፈም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁን በቁጣ ብቻ አታርቁት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ሂሳቡን አብራችሁት ደምሩ። አንተም ወንድሜ፣ የተበላኸውን ለማስመለስ ስትል አትመለስ፤ የተውበት በር ክፍት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃን። አሚን።