እርሳስ ለምታቀልጡ፦ ወተቱን ተዉትና ድስቱን እዩ

ዛሬ ሥራ ቦታ ያየሁትን ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም። ላፍቶ ወዳለው ወርክሾፓችን አንድ ወጣት ድስት ሊያስበይድ መጣ። የድስቱ ቂጥ በዝገት ተበስቷል፤ ዙሪያው ላይ የረጋ እርሳስ ተጋግሯል። ልጁ ባቱ (ዝዋይ) ለሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎች የመረብ እርሳስ እየሠራ ይሸጣል። ጥሬ ዕቃው አሮጌ የመኪና ባትሪ ነው። የሚያቀልጠው ሐና ማርያም በተከራየበት ግቢ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር ነው። «ጭሱስ?» ስለው፣ «ጋሼ፣ ወተት እኮ እጠጣለሁ፤ ቪዲዮ ላይም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለኝ።

አልበየድኩለትም። ምክንያቱን ለእሱ እንደነገርኩት ለእናንተም ልንገራችሁ።

1. የተበሳ የእርሳስ ድስት አይበየድም። በብየዳው ሙቀት የተጋገረው እርሳስ ይተናል፤ ተኑን የሚስበው ደግሞ በያጁ ነው። ሌላ ድስት ግዙ፤ ወፍራም ብረት ይሁን፣ አሉሚኒየም በፍጹም። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ቢሆንም ከዚያ ብዙ ቀድሞ ይልማል። እርሳስ እንደተሸከመ ጆሮው ሊከዳችሁ ይችላል።

2. ሙቀት። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለመረብ እርሳስ 400 ገደማ ከበቂ በላይ ነው። ወደ 500 ሲጠጋ ተኑ በጣም ይጨምራል። ቴርሞሜትር የሌለው ይህን ይያዝ፦ የድስቱ ቂጥ ደብዘዝ ብሎ መቅላት ከጀመረ 500ን አልፏል።

3. ውሃ። ቅልጡ ውስጥ የገባች ጠብታ በቅጽበት እንፋሎት ሆና እርሳሱን ፊታችሁ ላይ ትረጨዋለች። በክረምት ደጅ ያደረ ቁርጥራጭ፣ ታጥቦ ያልደረቀ ጭልፋ፣ እርጥብ ፎርማ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ድስቱን ሙሉ እርሳስ አርግቶ ማሳደርም አደጋ አለው። በማግስቱ ከሥር ሲሞቅ የታችኛው ቀድሞ ቀልጦ ይሰፋል፤ የላይኛው ገና ጠጣር ስለሆነ መውጫ ያጣና ፈንድቶ ይወጣል። ቂጡን የሚሸፍን ስስ እርሳስ ብቻ ተዉና ሌላውን ገልብጡት። ያቺ ስስ ሽፋን ድስቱን ከዝገትም ትጠብቀዋለች፤ የልጁ ድስት የተበሳው ባዶውን ዝናብ እየመታው ስላደረ ነው።

ወተቱ ላይ ልምጣ፤ ሌላው ይቆየኝ።

ቀለም ቀቢው፣ በያጁ፣ ባትሪ ሠሪው፣ ሲሚንቶ የሚያራግፈው፣ ሁሉም «ወተት ያጥባል» ይላል። አያጥብም! ወተት የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። የተነፈሳችሁት እርሳስ የሚገባው በሳንባ አድርጎ ወደ ደም ነው። ካልሲየም የጎደለው ሰው በአፉ የገባውን እርሳስ አብዝቶ መምጠጡ እውነት ነው፤ ስለዚህ ልጆች በደንብ ይብሉ። ከዚህ ተነስቶ ወተትን የጭስ መከላከያ ማድረግ ግን ሰው መግደል ነው። ደም ውስጥ የገባ እርሳስ የካልሲየምን ቦታ ይዞ አጥንት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወጥቶ ወደ ፅንሱ ይሻገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም የሚለው በከንቱ አይደለም።

በልጁ አልተናደድኩም። የተናደድኩት ወተት ያጥባል ብለው ባስተማሩት አሠሪዎች ነው። ድሮ የሠራሁበት ፋብሪካ ወተት በየቀኑ ያድለን ነበር፤ የጭስ መሳቢያው ግን ከተበላሸ ሰንብቷል። ማስክ ስንጠይቅ «ወተታችሁ ተቋርጧል እንዴ?» እንባላለን። ወተቱ ርካሽ ነው፣ መሳቢያው ውድ ነው፤ ነገሩ ይኸው ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወተት የተቀበልንበት የፊርማ ወረቀት ይታያል፣ ሰውዬውም አይቶ ይሄዳል። ደማችንን አንድም ቀን የመረመረን የለም። ሠራተኛው ራሱ ወተቱ ሲቀርበት ይጮሃል፣ መሳቢያው ሲቆም ዝም ይላል፤ እንደዚያ አስለምደውታልና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ወተት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ አይደለም።

ቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚል ደንብ አገራችን አላት፣ ጥሩ ደንብ ነው። ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ እርሳስ ሲቀልጥ ግን የሚጠይቅ የለም። እኛ ጋ የሚመጡት ተቆጣጣሪዎች ፈቃዱ መታደሱን አይተው ይሄዳሉ፤ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ጠይቀውን አያውቁም።

የሚቀልጠው ባትሪ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ሳህኖቹ ላይ ያለው ሊጥ ንጹሕ እርሳስ አይደለም፤ የእርሳስ ሰልፌትና ኦክሳይድ ነው፣ አሲድ ጠጥቷል። በከሰል እሳት አይቀልጥም፤ ይቦናል፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል። ለማጠንከሪያ የሚጨመሩት አንቲሞኒና አርሴኒክም አሉበት። ባትሪ በቤት አይቀለጥም፣ በቃ።

ምን እንደሚያስከትል የታየበት ቦታ አለ። ዳካር አጠገብ ያለችው ቲያሮይ ሱር ሜር የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ናት። እዚያም አንጥረኞች ከባትሪ እርሳስ እያወጡ የመረብ ክብደት ይሠሩ ነበር። የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ ነዋሪው በእርሳስ የተበከለውን አፈር በየቤቱ ማንጓለል ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ።

ቁጥር 4 መሆን የነበረበትን ልጨምር፦ ቅልጡ ላይ የሚንሳፈፈው ግራጫ አመድ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው። በእጅና በልብስ ቤት የሚገባው እሱ ነው፤ ልጅ ደግሞ በአፉ ከገባው እርሳስ ከአዋቂ አራት አምስት እጥፍ ይመጥጣል። ድስቱን በደረቅ የሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉ፤ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉ። አመዱን ክዳን ባለው ቆርቆሮ አኑሩ። የሥራ ልብሳችሁን እዚያው አውልቁ፤ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ።

አሮጌውን ድስት ለቁራሌው አትስጡ። እዚህ አገር ብረታ ብረት ተመልሶ የቤት ዕቃ ነው የሚሆነው፤ የእናንተ ድስት የሰው ወጥ ይሠራበታል።

ለመረብ የግድ እርሳስ አያስፈልግም። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ቁጥሩ ይበዛል እንጂ ዳዶ በገመዱ ላይ ተሰክቶ መረብ ያሰምጣል፤ ሸክላ ተጠፍጥፎ፣ ተበስቶና ተተኩሶም ይሠራል። እንግሊዝ አነስተኛ የእርሳስ ክብደቶች ለዓሣ ማጥመጃ እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1987 ከልክላለች፤ አስጋሪዋ ዛሬም ያጠምዳል። ባቱ፣ ሐዋሳ ወይም ጣና የምትሠሩ ካላችሁ የመረባችሁን ርዝመትና አሁን የምታስሩበትን እርሳስ ክብደት በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስንት ዳዶ እንደሚተካው አስልቼ እመልስላችኋለሁ።