የጤነኛ ሰው ደም ልኩ ስንት ነው?

ደልጊ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል በሚገኘው የጀልባ መስመር ላይ የቆየች የወደብ ከተማ ናት። ከዚህች ከተማ ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ የሄደች አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። ደሟ ተመርምሮ ወረቀት ይሰጣታል። በወረቀቱ ላይ በአንድ በኩል የእርስዋ ውጤት፣ በሌላ በኩል «የጤነኛ ሰው ወሰን» ተጽፏል። እናቲቱ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ደሜ ደኅና ነው ወይ?»

መልሱ የሚገኘው ሁለቱን ቁጥሮች በማነጻጸር ነው። ታዲያ ያ ወሰን የማን ደም ተለክቶ የወጣ ነው?

የላቦራቶሪ ባለሙያዎች ወሰኑን ሲያወጡ ቢያንስ የ120 ጤነኛ ሰዎችን ደም ይለካሉ። ከውጤቶቹ ዝቅተኛዎቹን 2.5 በመቶና ከፍተኛዎቹን 2.5 በመቶ ትተው መካከለኛውን 95 በመቶ ይወስዳሉ። ይህም ማለት ከ20 ጤነኞች አንዱ፣ ምንም ሕመም ሳይኖርበት፣ ከወሰኑ ውጭ ይሆናል ማለት ነው።

በአገራችን ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ወሰን በአብዛኛው ከውጭ አገር መጻሕፍት የተወሰደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የ485 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ደም መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በዚህም መሠረት የሄሞግሎቢን ወሰን ለወንዶች ከ13.9 እስከ 18.3፣ ለሴቶች ከ12.2 እስከ 16.6 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ። የነጭ የደም ሕዋስ ዝቅተኛ ወሰን 3 ሺህ ነበር። ብዙ የውጭ መጻሕፍት ግን 4 ሺህ ይላሉ። በመሆኑም 3 ሺህ 500 ያላት ጤነኛ ሴት በውጭው ወሰን ብትመዘን ያለ በቂ ምክንያት ልትጨነቅና ለተደጋጋሚ ምርመራ ልትዳረግ ትችላለች።

ሲዲ ፎር የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳትም በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከኔዘርላንዳውያን ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚጀመርበት ጊዜ በዚህ ቁጥር ይወሰን በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ ሕክምናው ቁጥሩ ሳይጠበቅ ይጀመራል።

የቦታ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ በሳሳ ቁጥር ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ እንደሚሠራ ይታመናል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3 ሺህ 530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ብቻ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህም በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ከሚታየው ያነሰ ስለሆነ፣ የአንዱ አገር ደጋ ልክ ለሌላው እንደማይሆን ያስረዳል።

«የራሳችን ወሰን» ሲባል ግን ጥንቃቄ ያሻል። ወባ፣ መንጠቆ ትልና ቢልሃርዝያ በሚገኙበት አካባቢ ያገኙትን ሰው ሁሉ መለካት በሽታን «ጤና» ብሎ መመዝገብ ይሆናል። መንጠቆ ትል ደም ይመጣል፤ ቢልሃርዝያም የአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ጤነኛውን አጣርተው መምረጥ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአማራ ክልል አዋቂዎች የደም ምርመራ ወሰን አውጥተው ማሳተማቸው በዚህ ረገድ የሚጠቀስ እርምጃ ነው።

ለነፍሰ ጡሮች ደግሞ ልኩ የተለየ ነው። በእርግዝና ጊዜ የደሙ ውሃማ ክፍል ከቀይ ሕዋሳቱ ይልቅ ስለሚጨምር ሄሞግሎቢን ዝቅ ይላል። የዓለም የጤና ድርጅት በባሕር ወለል ከፍታ ለሚኖሩ እርጉዝ ላልሆኑ ሴቶች 12፣ ለነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያዎቹ ወራት 11 ግራም በዴሲ ሊትር መነሻ አድርጎ፣ ቁጥሩ በከፍታ እንዲስተካከል ይመክራል።

እንግዲህ ውድ እናቶች፣ የምርመራ ወረቀትዎን አይጣሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይዘውት ይሂዱ። የዛሬውን ውጤት ከራስዎ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው። እርጉዝ መሆንዎን፣ በቅርቡ ወባ ታመው እንደሆነና የሚወስዱትን መድኃኒት ሳይደብቁ ይንገሩ። ቁጥሩ ከወሰኑ ጥቂት ስለወጣ አይደንግጡ፤ ድካም፣ ማዞርና የትንፋሽ ማጠር እየተሰማዎት ደግሞ ቁጥሩ ከወሰኑ ውስጥ ነው ብለው ዝም አይበሉ። በእርግዝና ጊዜ የታዘዘልዎትንም የብረት እንክብል ያለ ባለሙያ ምክር አያቋርጡ። «ይህ ወሰን ለእኔ ዓይነት ሰው የወጣ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ የእናት መብት ነው።