ሌዘሩ አልገናኝ ሲል

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የቤት ሌዘር መቁረጫ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። የአልሙኒየም ፍሬም፣ በላዩ ወደ ጎንና ወደ ፊት የሚንሸራተት ክንድ፣ ክንዱ ላይ የተገጠመች ሰማያዊ ጨረር የምታወጣ ትንሽ ሣጥን፤ በቃ። ስስ ኮምፔንሳቶና ካርቶን ይቆርጣል፣ እንጨትና ቆዳ ላይ ይቀርጻል። ሌዘርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቶ ያሳየው ቴዎዶር ማይማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ። ከአራት ዓመት በኋላ ኩማር ፓቴል ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን አስገኘ፤ አክሪሊክ የሚቆርጡ ድርጅቶች እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት ነው። ለቤት ሠሪው ትልቁን በር የከፈተው ግን ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ግርብል የተባለውን ፕሮግራም ጽፎ በነፃ ለቀቀ። አርዱዊኖ በተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ የሚጫን፣ ሞተሮችን በትክክል የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ርካሽ ሌዘሮች የሚሠሩት በእሱ ወይም ከእሱ በተወለዱ ፕሮግራሞች ነው።

ይህን መሣሪያ የገዛ ሰው ጨረሩን መፍራቱ ተገቢ ነው፤ የሌዘር መከላከያ መነጽር ሳያደርግና አጠገቡ ሳይቆም ሊያሠራው አይገባም። ይሁን እንጂ ጀማሪውን ቀድሞ የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው፦ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን አላገኘሁም ይለዋል። ያን ጊዜ ሰውየው ሶፍትዌሩን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ቦርዱ ተቃጥሏል ብሎ ሌላ ያዛል። እኔ የምለው፣ ከመግዛትም ከማጥፋትም በፊት ንግግሩ የተቋረጠው የት ላይ እንደሆነ ይፈለግ።

ንግግር ያልኩት በምክንያት ነው። ሥዕሉ ኮምፒውተሩ ላይ ጂ-ኮድ ወደሚባሉ አጫጭር ትእዛዞች ይቀየራል፦ ወደዚህ ሂድ፣ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህን ያህል ኃይል አብራ። ትእዛዙ በዩኤስቢ ገመድ ይሄዳል፣ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ትቀበለዋለች፣ ግርብል ያነበዋል፣ ለእያንዳንዱ መስመርም “ኦኬ” ብሎ ይመልሳል። ግንኙነቱ ሲጀመርም ግርብል ስሙንና የእትሙን ቁጥር ጽፎ ሰላምታ ይልካል። በሶፍትዌሩ መስኮት ላይ ያ ሰላምታ ከታየ ገመዱ፣ ቺፗና ቦርዱ ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ካልታየ ከገመዱ እንጀምራለን።

የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ውስጡ አራት ሽቦ አለው፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ መረጃ ያስተላልፋሉ። ከርካሽ የስልክ ቻርጀር ጋር የሚመጣ ገመድ ግን አንዳንዴ የመረጃዎቹ ሽቦዎች የሉትም። ቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። ሰውን የሚያሳስተው ይህ መብራት ነው። ተቃራኒውም ያጋጥማል፦ ብዙ ቦርዶች በዩኤስቢው 5 ቮልት ብቻ ነቅተው ሰላምታ ይልካሉ፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩንና ሌዘሩን የሚያንቀሳቅሰው የአዳፕተሩ 12 ወይም 24 ቮልት ስለሆነ አዳፕተሩ መሰካቱን፣ ማብሪያውም መከፈቱን ማየት ነው። ቀይ የአደጋ ማቆሚያ ካለውም ተጭኖ እንዳልቀረ ይታይ።

ገመዱ ደህና ከሆነ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ ገመዱን መንቀልና መሰካት ነው። በተሰካ ቁጥር አዲስ የኮም ፖርት ብቅ ማለት አለበት። በምትኩ ቢጫ ቃለ አጋኖ ከታየ የጎደለው ድራይቨር ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ቦርዶች ሲኤች 340 የተባለችውን የቻይና ቺፕ ስለሚጠቀሙ የሚጫነውም የእሷ ድራይቨር ነው። ኡቡንቱን በመሰሉ ሊኑክሶች ላይ ደግሞ የተጠቃሚው ስም ዳያልአውት በሚባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ ፖርቱ ይታያል፣ ግን አይከፈትም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ የታየው ችግር ይበልጥ ያስገርማል። ለዓይነ ስውራን የብሬይል መሣሪያዎችን የሚያገናኘው ብርልቲቲ የተባለ ፕሮግራም ይህችን ቺፕ የብሬይል መሣሪያ መስላው ይይዛታል፤ ፖርቱም ታይቶ ወዲያው ይጠፋል። መፍትሔው ፕሮግራሙን ማንሳት ነው፣ ኮምፒውተሩን የሚጠቀም ዓይነ ስውር ሰው አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ።

ፖርቱ እያለ አልከፈት ካለ ሌላ ፕሮግራም ይዞትም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፖርት በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ላይትበርንና ሌዘርግርብል የተባሉት የሌዘር ሶፍትዌሮች አብረው ከተከፈቱ ኋለኛው ይከለከላል። ተከፍቶ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ፊደል ከመጣ ደግሞ የመረጃ መላላኪያው ፍጥነት ቁጥር ተሳስቷል፤ ለግርብል 1.1 ትክክለኛው 115200 ነው።

ስለ አላርም መልእክት ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ጊዜና ገንዘብ በከንቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ግርብል አላርም 1 ሲል ክንዱ የዳር ማቆሚያውን ነክቷል፤ አላርም 2 ሲል የታዘዘው ቦታ ከመሣሪያው ስፋት ውጪ ነው። ኤረር 9 ደግሞ መሣሪያው በአላርም ተቆልፎ ሳለ ትእዛዝ ተልኮለታል ማለት ነው። ቀይ ጽሑፍ ያየ ሰው እነዚህንም ከግንኙነት ችግር ይቆጥራቸዋል። መሣሪያው ግን መልስ እየሰጠ ነው፤ መልስ መስጠቱ ራሱ ግንኙነቱ መሥራቱን ያረጋግጣል። ቁልፉን የሚፈታው፣ ክንዱንም ወደ መነሻው የሚመልሰው የሆሚንግ ትእዛዝ የዶላር ምልክትና ኤች ነው፤ የዳር ማቆሚያ ለሌለው መሣሪያ የዶላር ምልክትና ኤክስ ቁልፉን ይፈታል። ድራይቨር መንካት አያስፈልግም።

ሥራ መሃል የሚቋረጥ ግንኙነት ከሁሉም ያደክማል፤ እንጨቱም ይበላሻል። ላፕቶፑ እንቅልፍ ውስጥ ገብቶ ወይም ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ዩኤስቢውን አጥፍቶት ይሆናል፤ ሁለቱም ከሴቲንግ ይስተካከላሉ። የጭስ ማውጫው ፋንና የአየር ፓምፑ ከሌዘሩ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ ሞተራቸው ሲነሳ የሚፈጥረው ረብሻ መረጃውን ሊያቋርጠው ይችላል። ለየብቻ መሰካት፣ አጭር ገመድ መጠቀም፣ የኧርዝ መስመር መኖሩንም በኤሌክትሪሺያን ማስፈተሽ ይረዳል። መብራት ብልጭ ብሎ በሚመለስበት ሰፈር ደግሞ ሌዘሩ ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል። ግርብል ኃይል ሲያጣ ክንዱ የት እንደነበረ አያስታውስም፤ ስለዚህ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ለማስቀጠል መሞከር ሥራውን አዛብቶ ያወጣዋል።

ኬ40 የሚባለውን ሰማያዊ ሣጥን የመሰለ የቻይና ሌዘር ለገዛችሁ ጥቂት ነገር ልጨምር። ኤም2 ናኖ የተባለው ቦርዱ የኮም ፖርት ስለማይፈጥር ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ፖርት አትፈልጉ፤ ኬ40 ዊስፐረር የተባለው ነፃ ሶፍትዌርም የሚፈልገው የራሱን የተለየ ድራይቨር ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የመጣላችሁ ከሆነ 110 ቮልት ሊሆን ስለሚችል የእኛ 220 ላይ ከመሰካታችሁ በፊት የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቡ። የመስታወት ቱቦው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይፈልጋል፤ የኃይል ሣጥኑም ከሶኬት ተነቅሎ እንኳ ክፍያ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ገመድ፣ ድራይቨርና ፖርት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ እባካችሁ፣ ያን ሣጥን ራሳችሁ አትክፈቱ፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለሚያውቅ ባለሙያ ስጡት።