ከሒጃብ ሥር የሚሳሳው የግንባር ጸጉር

ከጅዳ ወደ መካ የሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና ለዑምራ ከሚመጡት መካከል ብዙዎቹ ከሐረም በስተደቡብ በምትገኘው ኩዳይ፣ በሰፊው የመኪና ማቆሚያ ተሽከርካሪያቸውን ትተው በአውቶቡስ ወደ መስጂደል ሐረም ያቀናሉ። ጠዋፉና ሰዕዩ ከተፈጸመ በኋላ ሴቷ ጸጉሯን ሰብስባ ከጫፉ የጣት አንጓ ያህል ትቆርጣለች፤ በዚህም ከኢሕራም ትወጣለች። ሥርዓቱ የሚነካው ጫፉን ብቻ ነው። ጸጉሯን ስትሰበስብ ግን እጇ ሌላ ነገር የሚነግራት ሴት አለች፤ ጫፉ እንደ ወትሮው ረጅም ነው፣ የግንባሩ ዳርቻ ግን ሳስቷል።

የመሳሳቱ አንዱ ምክንያት በእነዚህ ዓመታት በቲክቶክና በኢንስታግራም እጅግ የተስፋፋው የጸጉር አያያዝ ነው። ጸጉሩ በጄል ይረጥባል፣ በብሩሽ ወደ ኋላ ይጠረጋል፣ አንዲት ዘለላ እንኳ ሳትነሣ እንደ መስተዋት እያብረቀረቀ በላስቲክ ይታሰራል። ፖኒቴይል የሚሉት ይህ ነው። ለሒጃብ ለባሽ ምቹ ነው፤ ጸጉር በፊት በኩል አያፈተልክም፣ ለመሥራትም ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እስከ እኩለ ሌሊት በሰው ቤት ለምትሠራ እህት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ንጋት ላይ የታሰረው እስከ ማግስቱ ሳይፈታ የሚያድር መሆኑ ነው።

ጉዳቱ ራሱ አዲስ አይደለም። ትሬቢች የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም በ1907 እ.ኤ.አ. የግሪንላንድ ሴቶች ጸጉር ከግንባራቸው ዳርቻ እየተመለጠ መሄዱን ሲመዘግብ ምክንያቱ ለዓመታት አጥብቀው ያስሩት የነበረው ይኸው የፈረስ ጭራ መሰል አያያዝ ነበር። ሐኪሞች በመሳብ የሚመጣ የጸጉር መርገፍ፣ በሙያ ስሙም ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል።

ሥር ሳይነቀል ጸጉር እንዴት ይጠፋል? ጸጉር የሚበቅልባት ትንሽ ከረጢት ሳታቋርጥ ስትሳብ ትቆጣለች። መጀመሪያ ሕመም ይሰማል፤ ቀጥሎ በግንባርና ከጆሮ በላይ ባለው ቆዳ ላይ ብጉር መሰል ጥቃቅን እብጠቶች ይወጣሉ፣ ከጸጉሩ ሥር ነጭ ቅርፊት ይታያል፣ አጫጭር የተሰባበሩ ጸጉሮች ይበዛሉ። ብዙ ጊዜም ከፊት ጫፍ ላይ ስስ የጸጉር መሥመር ይቀርና ከኋላው ያለው ይገለጣል፤ ያጠረው ጸጉር ከላስቲኩ ስለሚያመልጥ ነው። በዚህ ደረጃ መሳቡ ከቆመ ጸጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቷ በጠባሳ ትተካለች፤ ጠባሳ ደግሞ ጸጉር አያበቅልም።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር ጊዜው ነው። ሒጃብ ጸጉር አይመልጥም፤ በዚህ ረገድ የሚነገረው ብዙው ነገር መሠረት የለውም። ነገር ግን የራስን ግንባር ከራስ ዓይን ይሰውራል። ውጭ የሚያይ የለም፣ ቤት ውስጥም ድካም አለ፤ የሚድንበት ወራት በዝምታ ያልፋል። ከሥር የሚታሰረው ሻሽ ጠባብና ሻካራ ሲሆን፣ ጸጉሩም ከትጥበት በኋላ ሳይደርቅ ሲሸፈን ጉዳቱ ይብሳል።

ሀገር ቤት ያደገች ሴት ሕመሙን ታውቀዋለች። የዓመት በዓል ሹሩባ በተሠራች ማታ ትራስ ላይ ራሷን ማሳረፍ አቅቷት ያነጋች ጥቂት አይደለችም፤ ሲያም ነው የሚያምረው ተብላ አድጋለች። የሐረሪ ያገቡ ሴቶች ልማድ በአንጻሩ ትምህርት አለው። ጸጉራቸውን ከመሐል ከፍለው ከጆሮ ኋላ ሁለት ቦታ ይጠቀልሉና ጉፍታ በተባለው መረብ መሰል ጨርቅ ይሸፍኑታል። ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ግንባር ላይ የሚስብ አንድ ቋጠሮም የለም።

የሚያብረቀርቀውን አያያዝ የምትወድ ሴት ልትተወው አይገባትም፤ የምትለውጠው ኃይሉን ነው። ጸጉሩ ኮንዲሽነር ተቀብቶ እንደረጠበ ከጫፍ ወደ ሥር በሰፊ ጥርስ ማበጠሪያ ይፈታታል፤ ውሃው እየተንጠባጠበ ግን አይታሰርም። ትንሽ ጄል በመዳፍ ይዳበሳል፤ አልኮል የበዛበት ጄል ጸጉር ያደርቃልና መተው ይሻላል። ከዚያ ለስላሳው ብሩሽ ይጫናል እንጂ አይጎትትም። ቋጠሮው ከአናት ይልቅ ወደ ማጅራት ቢወርድ፣ ማስያዣውም በሐር ወይም በሳቲን የተሸፈነ ቢሆን መልካም ነው፤ ቀጭኑ ባዶ ላስቲክ ጸጉር ይቆርጣል። ብልሃቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው፦ በሐር ሻሽ ግንባርን ዙሪያውን አስሮ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ። ጸጉሩን የሚያስተኛው ሻሹ እንጂ ላስቲኩ መሆን የለበትም። ቅንድብ ስታነሣ ግንባሯ የሚሳብ ወይም የሚያማት ከሆነ ጠብቋልና ታላላው። ቤት ስትገባ ትፍታው፣ ቦታውን ትለዋውጥ፣ በየቀኑም አትሥራው። በኬሚካል የተለሰለሰ ጸጉር ይበልጥ ይሰበራልና ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ጭራውን ለማስረዘም የሰው ወይም ሰው ሠራሽ ጸጉር መቀጠል ደግሞ ክብደት ይጨምራል፤ ጸጉር መቀጠልን የሚያወግዘው ሐዲስም የታወቀ ነው። ስለ ቅቤም ይነሣል፤ ቅቤ ጸጉር ያለሰልሳል፣ የሚስበውን ላስቲክ ግን አያላላም።

ጄልና ዒባዳን በተመለከተ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስንብቱ ሐጅ ጸጉራቸው እንዳይበተን በሚያጣብቅ ነገር ለጥፈውት እንደነበር በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል፤ የፊቅህ መጻሕፍት ተልቢድ ይሉታል። ከዚህ ተነሥተው ራስ ላይ የተቀባ ስስ ነገር ለውዱእ ማበስን አይከለክልም ያሉ ዑለማዎች አሉ። ጉስል ግን ይለያል፤ ውሃው የራስ ቆዳ ላይ መድረስ ስላለበት እንደ ቅርፊት የደረቀ ጄል አስቀድሞ ይታጠባል። ኢሕራም ከነየተች በኋላም ሽቶ ያለው ጄል አይፈቀድም። ይህ በብዙ ማሸጊያ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነውና ከሚቃት በፊት ማንበብ ያስፈልጋል።

ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች አንዷ የሆኑት የሙእሚኖች እናት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ጸጉራቸውን አጥብቀው የሚጎነጉኑ ነበሩ። ለጀናባ ትጥበት ይፈቱት እንደሆነ ጠይቀው ራሳቸው ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ ማፍሰስ እንደሚበቃቸው እንደተነገራቸው ሶሒሕ ሙስሊም ይዘግባል። ይህ በትጥበት ላይ የተደረገ ማቅለል ነው፤ ጸጉር ሳይፈታ ይክረም ማለት አይደለም። በሐጅ ጉዞ የወር አበባ የመጣባቸው ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጸጉራቸውን ፈትተው እንዲያበጥሩ ታዘዋል፤ ጸጉር ያለው ያክብረው የሚል ትርጉም ያለው ሐዲስም በአቡ ዳውድ አለ።

መሳሳቱ የጀመራት ሴት ከቅባት ሻጭ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ ሴት ሐኪም መጠየቅም ትችላለች። ሐኪሙ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ወይም ሚኖክሲዲል ሊያዝ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆነች አስቀድማ ትንገረው። ጸጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ለውጡ እስከ ጥቂት ወራት ላይታይ ይችላል። በየወሩ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ግንባሯን በስልኳ ፎቶ ብታነሣ፣ እየተመለሰ ይሁን እየሸሸ መስተዋት ከሚነግራት በተሻለ ታውቃለች፤ ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቃት መቼ እንደጀመረ ነው።