በስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ጉባኤዎች የአቀራረብ ዘርፎችና በፊደል የተጻፈ የቋንቋ መረጃ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግና የመረጃ ትንተና ጉባኤዎች ጥናታዊ ጽሑፎችን በምን መሠረት በዘርፍ እንደሚከፍሉ ማብራራት፣ በፊደል የተጻፈ የአማርኛ ወይም የትግርኛ መረጃ ይዞ የሚቀርብ የቋንቋ አጥኚም ለየትኛው ዘርፍ ቢያመለክት እንደሚሻል ማመልከት ነው። «ዘርፍ» የሚለው ቃል እዚህ የገባው በእንግሊዝኛ «ትራክ» ለሚባለው፣ ማለትም በአንድ አስተባባሪ ሥር ተጠቃልሎ በራሱ አዳራሽ ለሚካሄደው የጽሑፎች ስብስብ ነው፤ በሰዋስው ትምህርት ከምናውቀው «ዘርፍ» ጋር እንዳይምታታ።

ለማሳያ የሚመቸው የሳስ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው። ይህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1976 ተጀምሮ ለ31 ጊዜ ያህል «ሱጊ» በሚል አኅጽሮት ሲካሄድ ቆይቶ፣ ከ2007 ጀምሮ «ሳስ ግሎባል ፎረም» ይባል ነበር። በሱጊ ዘመን ከነበሩት ዘርፎች መካከል የስታቲስቲክስና የመረጃ ትንተና፣ የመተግበሪያ ግንባታ፣ የመረጃ ማከማቻ፣ የተግባር ልምምድ፣ የፖስተር፣ እንዲሁም «የኮድ ጸሐፊዎች ማዕዘን» የተባለው የአጫጭር ገለጻዎች ዘርፍ ይገኙበታል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እነዚህ ስሞች በአብዛኛው የዕውቀት መስክን የሚያመለክቱ አለመሆናቸው ነው። ክፍፍሉ የተመሠረተው በሥራው ዓይነት ላይ ነው፦ መረጃ ማስገባት፣ ማጽዳት፣ ማስላት፣ ማሳየት። የሕክምና፣ የባንክና የግብርና ባለሙያ ችግራቸው አንድ ከሆነ አንድ አዳራሽ ይገናኛሉ። በየዘርፉ የሚቀርበውን አኅጽሮተ ጽሑፍ የሚመርጠው የዘርፉ አስተባባሪ በመሆኑ፣ ዘርፍ መምረጥ ማለት ገምጋሚንም አድማጭንም መምረጥ ማለት ነው።

የቋንቋ ሰዎች በልማድ የሚያዘነብሉት ወደ ስታቲስቲክሱ ዘርፍ ነው። ምክንያቱም አይጠፋም። ኸርበርት ክላርክ በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ተመራማሪዎች ለሙከራ የመረጧቸውን ጥቂት ቃላት ቋንቋውን በሙሉ እንደሚወክሉ አድርገው መቁጠራቸውን ከተቸ ወዲህ፣ የተናጋሪንና የቃልን ልዩነት አንድ ላይ የሚያስተናግድ ስሌት ሲፈለግ ኖሯል። ባየን፣ ዴቪድሰንና ቤትስ በ2008 ያወጡት ጽሑፍ ለዚህ ቅይጥ ሞዴሎችን በማስተዋወቁ ዛሬ በሥነ ልቦናዊ ሥነ ልሳን የተለመደ መሣሪያ ሆነዋል። ከሦስቱ አንዱ ዳግላስ ቤትስ የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። ይህ ትብብር ለሙያችን ብዙ ጠቅሟል፤ ነገር ግን መረጃው ስሌቱ ዘንድ ሳይጎድል ደርሷል ብሎ ይነሣል። ለእኛ ቋንቋዎች ጥያቄው ያለው እዚያው ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንመልከት። በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ የፊደላችን ሆሄ 3 ባይት ይወስዳል፤ ተራ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ። ሳስ የጽሑፍ ዓምድን ርዝመት የሚለካው በባይት ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል በተለመደው የርዝመት ፋንክሽን ሲለካ 15፣ ሆሄ በሚቆጥረው «ኬሌንግዝ» በተባለው ፋንክሽን ግን 5 ይሆናል። አሁን አጥኚው የግሦች ዓምድ በ20 ባይት ወስኖ «አልሰበራችሁም» የሚለውን ያስገባል እንበል። ቃሉ 8 ሆሄ፣ ማለትም 24 ባይት ነው። በዓምዱ ውስጥ የሚቀረው «አልሰበራች» እና የ«ሁ» ቁራጭ የሆኑ ሁለት ባይቶች ናቸው። ያው ቃል ያለ ልዩ ምልክት በላቲን ቢጻፍ 15 ያህል ፊደል ስለሚሆን አንዳች ሳይጎድልበት ያልፋል። ፕሮግራሙ በዚህ ዓይነት ምደባ ላይ ቃል ሲቆርጥ የስሕተት መልእክት አያወጣም።

የተቆረጠው ምን እንደሆነ ግን የሰዋስው ሰው ወዲያው ያያል። የአሉታው «-ም» ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ የባለቤት አመልካቹም ግማሹ ሄዷል። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ የሚሰለፉት የባለቤት፣ የተሳቢና የአሉታ ምዕላዶች ስለሆኑ፣ መቆረጡ በዕጣ እንደሚደርስ ጉድለት በእኩል አይዳረስም። «ሰበረ» ይተርፋል፤ አሉታና ብዙ ቁጥር የተሸከመው ረጅሙ ቅርጽ ይጎዳል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል የረቀቀ ሞዴል ቢሠራ፣ «አሉታ በዚህ ስብስብ ውስጥ ጥቂት ነው» የሚለው ውጤት ስለ ዓምዱ ስፋት እንጂ ስለ ተናጋሪዎቹ የሚነግረን ነገር የለም። የስታቲስቲክሱ ዘርፍ ገምጋሚ ሞዴሉን ይመረምራል፤ ዓምዱን አይከፍትም። ይህን አይቶ የሚደነግጠው የኮድ ጸሐፊዎች ማዕዘን አድማጭ ነው፤ የጃፓንኛና የቻይንኛ መረጃ የሚይዙ ባልደረቦቹ ከዚሁ ችግር ጋር ሲታገሉ ኖረዋልና።

በዚያው ዘርፍ በአሥር ደቂቃ ሊቀርብ የሚችል፣ ለእኛ ደግሞ ብዙ የሚያተርፍ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችን ሲመዘገብ፣ እያንዳንዱ የሆሄ ቤት ስምንት ስምንት ተከታታይ ቦታ ተሰጥቶታል። በመሆኑም የአንድን ሆሄ ቁጥር ለ8 አካፍሎ ቀሪውን በማየት ብቻ ግዕዝ ይሁን ካዕብ ወይም ሳድስ ማወቅ ይቻላል። ቀሪውን ቀንሶ 5 መደመር ሆሄውን ወደ ሳድሱ ይመልሰዋል፦ «ሰበረ»ም «ሰባሪ»ም «ስ-ብ-ር» ይሆናሉ። ሥርወ ቃልን በሁለት መስመር ኮድ ማውጣት ማለት ነው። ይሁንና ዘዴው ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው አደገኛ ነው። «ቈ» የራሱ ቤት ስላለው «ቈጠረ» እና «ቆጠረ» ሁለት ሥር ይመስላሉ። «ሟች» ደግሞ በ«ም» ብቻ ይቀርና «ሞተ» ውስጥ የተደበቀው «ው» ይጠፋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀን የመሳሰሉት ሞክሼዎች አስቀድመው ካልተዋሐዱም አንዱ ሥር በሦስት ይቆጠራል፤ እርግጥ ለትግርኛ አጥኚ ሐን ከሀ ጋር ማዋሐድ መረጃ ማጥፋት ነው። ጥብቀትን በተመለከተ፣ «ይመታል» መቺውን ይሁን ተመቺውን እንደሚያመለክት ፊደሉ ራሱ ስለማይነግረን፣ ማንኛውም ኮድ አያወጣውም።

መረጃን በሥዕል የማሳያ ዘርፍ ላይ ብዙ አልቆይም። አር በተባለው ቋንቋ የተለመደው የፒዲኤፍ ማውጫ የአማርኛ መለያዎችን ወደ ነጥብነት ሲለውጣቸው፣ በካይሮ ላይ የተመሠረተው ማውጫ ግን ተስማሚ የፊደል ቅርጽ እስካገኘ ድረስ በትክክል ያትማል። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ በ2022 የወጣው አር 4.2.0 ዩቲኤፍ-8ን መሠረቱ እስኪያደርግ ድረስ፣ የአማርኛ ሠንጠረዥ ማያ ላይ በዩኒኮድ ቁጥሮች ተሞልቶ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ብዙ ባልደረቦች መረጃቸውን በላቲን መጻፍ የለመዱት በሳይንሳዊ ምርጫ ሳይሆን በዚህ መሰላቸት ይመስለኛል።

የአር ተጠቃሚዎች ጉባኤ፣ «ዩዘር» የሚባለውና በ2004 በቪየና የተጀመረው፣ በአንዳንድ ዓመታት «ፎከስ» እና «ካሌይዶስኮፕ» የሚባሉ መድረኮች ነበሩት፤ የመጀመሪያው በአንድ ጉዳይ ላይ ለሚያተኩሩ፣ ሁለተኛው ሰፋ ላለ አድማጭ። የእኛ ቋንቋ ጽሑፍ ለሁለተኛው ሲቀርብ ብርቅ ሆኖ ይጨበጨብለታል፤ ከጭብጨባ በኋላ ግን ፓኬጁን የሚያስተካክል ሰው አይገኝም። የጽሑፍ ትንተና በሚባለው ዘርፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ በዚያ ያሉ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ቃልን በክፍተት የተለየ፣ ቅጥያውም በቀላሉ የሚነቀል አድርገው ስለሚያስቡ፣ ውይይቱ ወደ ስሜት መለያና ርእስ መፈለጊያ ይሸሻል።

ስለዚህ ለአመልካች የምመክረው ጽሑፉን ለሁለት እንዲከፍለው ነው። የሞዴሉን ክፍል ለስታቲስቲክሱ ዘርፍ ይላክ፤ ነገር ግን መረጃው ከመቅጃ እስከ ሠንጠረዥ ያለፈበት መንገድ፣ የዓምዶቹ ርዝመት በባይትና በሆሄ፣ የሞክሼ ሆሄያት አያያዝም በአንድ አንቀጽ ይገለጽበት። የኮዱን ክፍል ለኮድ ጸሐፊዎቹ ያቅርብ፤ አኅጽሮቱም ስለ ቋንቋው ታሪክና ስለ ተናጋሪዎቹ ብዛት ከማውራት ይልቅ «አልሰበራችሁም»ን ከነባይቱ ቆጥሮ ያሳይ።