ብርሃን የአቶሞችን ዘለላ እንዴት ይበትናል?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአባቶች ቃል ለሰው ኑሮ የተነገረ እውነት ነው። በአቶም ዓለም ግን አንዱ ሲመታ ጎረቤቱም አብሮ የሚቈስልበት ጊዜ አለ። የዛሬው ንግግራችን ይህ እንዴት እንደሚሆን ያስረዳል።

ኔኦን፣ አርጎን፣ ክሪፕቶንና ክሴኖን የተባሉት ጋዞች ከጥንት ጀምሮ በአየር ውስጥ ነበሩ፤ ነገር ግን ከሌላ ነገር ጋር መዋሐድን የማይወዱ ብቸኞች ስለ ሆኑ ሳይታወቁ ብዙ ዘመን ቈዩ። አርጎንን ሎርድ ሬሌይና ዊልያም ራምሴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. አገኙት፤ ሦስቱን ደግሞ ራምሴ ከሞሪስ ትራቨርስ ጋር ሆኖ በ1898 አገኛቸው።

እነዚህ ብቸኞች ብርድ ሲጠናባቸው ግን ይጠጋጋሉ። ሊቃውንት ጋዙን በብርቱ ጨምቀው በጠባብ ቀዳዳ አየር ወደሌለበት ዕቃ ሲለቁት በድንገት ይስፋፋል፤ በመስፋፋቱም እጅግ ይቀዘቅዛል። በዚያን ጊዜ አቶሞቹ ሁለት፣ ሦስት፣ አሥር፣ መቶ እየሆኑ እንደ ወይን ዘለላ ይያያዛሉ። ማያያዣው ግን በጣም የላላ ነው።

በዚህ ዘለላ ላይ ብርሃን ቢያርፍ ምን ይሆናል? አልበርት አይንሽታይን በ1905 እንዳስረዳው፣ ብርሃን ኃይሉን የሚሰጠው እንደ ውኃ በማፍሰስ ሳይሆን እየቈነጠረ ነው፤ አንዱም ቁንጥር ፎቶን ይባላል። ፎቶኑ በቂ ኃይል ካለው ከአቶሙ አንድ ኤሌክትሮን ይነቅላል፤ ኤሌክትሮኑን ያጣው አቶም ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቀራል፤ ስሙም አዮን ይባላል። ከኔኦን የውጭውን ኤሌክትሮን ለመንቀል 21.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ግን በአንድ ፎቶን ከ3 ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ተራ መብራት የቱን ያህል ቢበዛ ከኔኦን ምንም አይነቅልም፤ ለዚህ ሥራ ዓይን የማያየው ብርቱ ጨረር ያሻል።

ጨረሩ ይበልጥ በርትቶ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠውን ኤሌክትሮን ከነቀለ፣ ይህም 48.5 ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል፣ በውስጥ ክፍት ቦታ ይገኛል። በመሥሪያ ቤት ክፍት ቦታ ሲገኝ የታችኛው ወደ ላይ ያድጋል፤ በአቶም ውስጥ ግን ከላይ ያለው ኤሌክትሮን ወደ ታች ይወርዳል፤ በመውረዱም 27 ያህል ኤሌክትሮን ቮልት ይተርፋል። አቶሙ ብቻውን ቢሆን ይህ ትርፍ ሁለተኛ ኤሌክትሮን ለማውጣት አይበቃውም፤ አንዱን ያጣ አቶም የቀሩትን አጥብቆ ይይዛልና። ስለዚህ ትርፉን በብርሃን መልክ ይለቀዋል። ጎረቤት ካለው ግን ትርፉ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ ለጎረቤቱ 21.6 ይበቃዋልና እርሱም ኤሌክትሮኑን ያጣል። አሁን ሁለቱም ፖዚቲቭ ሆነዋል፤ ፖዚቲቭና ፖዚቲቭ ደግሞ ይገፋፋሉ፤ በኃይልም ተገፍተው ይለያያሉ።

ይህን ሎሬንዝ ሴደርባውምና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ሆነው በ1997 በስሌት አስቀድመው ተናገሩ፤ በ2003 በኔኦን ዘለላ፣ በ2004 ደግሞ በሁለት የኔኦን አቶሞች ጥንድ ላይ በሙከራ ተረጋገጠ።

ምናልባት «የኔኦን መበተን ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እኛንም ይነካል። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ በ2010 ይኸው ሁኔታ በተጣመሩ የውኃ ሞለኪውሎች ላይ ታይቷል። ከጎረቤቱ የሚወጣው ኤሌክትሮን ኃይሉ ጥቂት ነው፤ ሆኖም እንደዚህ ያለ ደካማ ኤሌክትሮን የዘር ጠባቂ የሆነውን ዲ.ኤን.ኤ. ሊበጥስ እንደሚችል በ2000 በሙከራ ታውቋል። ስለዚህ ጨረር ሕያው አካልን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ነቀርሳንም ለማከም እንዴት እንደሚረዳ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን ነገር በብርቱ ይከታተሉታል።

እንግዲህ የጨረርን ጉዳት ለመመዘን የተመታውን አቶም ብቻ መቍጠር አይበቃም፤ ከአጠገቡ ያለውንም መቍጠር ያስፈልጋል።